ከትራስሽ ጋር የሄደው መጽሐፍ

አልጣልኩትም! መጣል ሌላ፣ መስጠት ሌላ። በእጄ ዳብሼ ውዳሴ ማርያም መስሎኝ ነው እንጂ የልጅቷ መጽሐፍ መሆኑን ባውቅ ከነትራሱ አንስቼ ለሰው የምሰጠው ምን ነክቶኝ ነው? አውቃለሁ፣ ማንም አልጠየቀኝም። ሳይጠይቁኝም እመልሳለሁ፤ አፌን ታውቂው የለ።

ሰናይትዬ፣ የኔ ልጅ። አርባሽም ሰማንያሽም አለፈ። ሦስት ወር ከምናምን ሆነሽ ከተለየሽኝ። ይሄን የምጽፍልሽ ከልጅሽ ከፍሬ አሮጌ ደብተር ላይ ባዶ ገጽ ፈልጌ ነው። ፊደሌ እንደሆነ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ቀበሌ የቆጠርኳት ናት፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አልጨመረባትም። ብሳሳት አትሳቂብኝ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ሰፈሩ ግን ሳስቷል። ከኋላችን ያለው መደዳ በሙሉ ፈረሰ። የነየሺ ቤት፣ ያ ራዲዮ ሲጮህበት የሚውለው፣ ቆርቆሮው ተነስቶ ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያው ብቻ ተሰቅሎ ቀረ። ግማሹ ሰው ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ግማሹ የት እንደገባ እኔም አላውቅ። የኛም በር ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈው ሄደዋል። ባዶው ቤት ሁሉ የማይታወቅ ሰው ስለሚገባበት አሁን በጠራራ ፀሐይ በሬን ቀርቅሬ ነው የምቀመጠው። እኔ! በሬ ተዘግቶ የማያውቀው!

አልጋሽ ላይ ፍሬ ትተኛለች። ያለ ትራስ። ሌላ ትራስ ሳመጣላት ገፍታ መሬት ትጥለዋለች። እኔም አንስቼ መልሼ ቁም ሳጥን አናት ላይ አስቀምጠዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ነው።

ያ የመጽሐፍ ሳጥን የመጣ ሰሞን ትዝ ይልሻል? ፍሬ ከትምህርት ቤት እያለከለከች ገብታ «ክፍላችን ውስጥ ላይብረሪ ገባ!» አለች። «በየት በር?» አልኳት እኔ። ለካ ሳጥን ነው። ሐሙስ ሐሙስ አንዲት አስተማሪ መጽሐፍ በሳጥን አስጭና ትመጣና እዚያው ክፍላቸው ቁጭ ብላ ታነብላቸዋለች፣ ሲወጡ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ለሳምንት ታውሳቸዋለች። በነጻ። ልጆቹ እትዬ ሳጥን ነው የሚሏት። «በነጻ? እንግዲያው ወይ ሃይማኖት ሊያስለውጡ ነው ወይ ምርጫ ደርሷል» ስል አንቺ እስኪያስልሽ ሳቅሽ። የዚያን ጊዜ ገና ቁጭ ብለሽ ትስቂ ነበር።

ከመጽሐፉ ጋር ካርድ አለ። ልጁ ቤት ገብቶ ያነብና የሰማው ሰው ይፈርማል። የኛን ቤት ፈራሚዋ አንቺ ነበርሽ። ካርዱን ፍሬ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች፤ ተኝታ እያለች አውጥቼ አየሁት። መጀመሪያ ላይ የተፈረመው አንቺን ይመስላል፣ ጅራቱ ረጅም። ከዚያ እያጠረ፣ እያጠረ... የመጨረሻው በቃ ጭረት ነው። ደግሜ አላየሁትም።

የመጨረሻው መጽሐፍ ያቺ ወንዙ የት እንደሚያልቅ ልታይ የወጣችው ዳክዬ ናት። ፍሬ ስታነብልሽ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማ ነበር፤ አልሰማም ብዬ ነው እንጂ። ዳክዬዋ ድልድይ ሥር ስትደርስ አንቺ ትደክሚያለሽ፣ «ነገ እንቀጥላለን» ትያታለሽ። በነጋታው ደግሞ ከመጀመሪያው። ሳምንቱ ሞልቶ መመለስ ሲገባት «አስተማሪሽን አንድ ሳምንት አስጨምሪልኝ» አልሻት። አስጨመረች። ደግሞ አስጨመረች። ፍሬ ስትነጫነጭ እንዲህ አልሻት፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት፦ «ሳንጨርሰው የትም አልሄድም።»

ምነው ልጄ! ለልጅ እንዲህ ይባላል? እኔም የሰማሁ ዕለት ፈገግ ብዬ አለፍኩት፣ አንቺን ብቻ ምን እወቅስሻለሁ።

ከዚያ ሄድሽ። ለቅሶው ሲበርድ ፍሬ ትምህርት ቤት ተመለሰች። መጽሐፉን ፈለገች፣ የለም። አልጋሽ ጋ ልትፈልግ ስትል «ወዲያ! የእናትሽን አልጋ እስከ አርባዋ የሚነካ የለም!» ብዬ ጮህኩባት። «አንቺ ዝርክርክ፣ የሰው ዕቃ የት ጣልሽው?» አልኳት። ቆነጠጥኳትም። ክንዷን ሰጠችኝ። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ኖሮ እንኳ ይሻለኝ ነበር።

አርባሽ ዕለት ልብስሽን፣ ጋቢሽን፣ ትራስሽን አሰርኩና ኡራኤል ወሰድኩት። በሩ ጋ የምትቀመጠው፣ ያቺ ሁልጊዜ ስምሽን ጠርታ የምትመርቅሽ ሴትዮ አለች አይደል፣ ለሷ ሰጠሁ። ትራሱን ሳነሳ ውስጡ ጠንካራ ነገር አለ። ታመሽ ሳለ ከራስጌሽ ያደረግሁት ውዳሴ ማርያም ነው አልኩ። ላወጣው እጄን ሰድጄ ነበር። ከዚያ አይ፣ አብሮ ይሂድላት፣ ሴትዮዋ ትጸልይበት ብዬ መለስኩት። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ትልቅ ነገር የሰራሁ መስሎኝ!

በሳምንቱ ብፌውን ስወለውል ውዳሴ ማርያሙ ከሳህኖቹ ኋላ ተቀምጧል። ራሴ ነኝ ከቀብር መልስ ያኖርኩት፤ በዚያን ቀን የሰራሁትን መቼ አውቀዋለሁ። ታዲያ ትራሱ ውስጥ የዳበስኩት የፍሬ መጽሐፍ ነው ማለት ነው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር መጽሐፉን ከሕፃናት እጅ ልታድኚው ትራስሽ ውስጥ ትሸሽጊው ነበር ለካ።

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ኡራኤል ሮጥኩ። ሴትዮዋ የለችም። ጓደኞቿን ጠየቅሁ። አንዷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እማማ፣ የሰጡትን ሊያስመልሱ መጡ? ይሄስ በሰማይ ቤትም አይሰራ!» ሁሉም ሳቁብኝ። ከዚያ አንዲት አሮጊት «ዳክዬ የተሳለበት ነው?» አለችኝ። «እሱማ ለልጅ ልጄ ብላ ቋጥራው ላስታ ሀገሯ ገባች።»

ይኸውልሽ። ዳክዬዋ ላስታ ናት።

ቤት ገብቼ ለፍሬ ልነግራት ነበር፣ አልነገርኳትም። ዛሬ ነገ እያልኩ ወር አለፈኝ። ልጅ ፊት ጥፋተኛ መሆን ከበደኝ፣ ሌላ ምን ምክንያት አለው። ደግሞ ትረሳዋለች አልኩ።

ያለፈው ሐሙስ እትዬ ሳጥን ራሷ ቤት ድረስ መጣች። ስትቀመጥ ገና «ልጄ፣ መጽሐፉን እንደሆን...» ስል «እማማ፣ መጽሐፉን ፈልጌ አልመጣሁም፣ እሱን ይተዉት» አለችኝ። ፍሬ ሐሙስ ሳጥኑ ሲገባ ተነስታ ትወጣለች አለች። ሽንት ቤቱ ግድግዳ ሥር ቁጭ ብላ ሳጥኑ እስኪዘጋ ትጠብቃለች። አንድ ቀን አስተማሪዋ ተከትላት አጠገቧ ተቀመጠችና ጠየቀቻት። ምን ብላ መለሰች መሰለሽ? «እናቴ ሳንጨርሰው የትም አልሄድም ብላኝ ነበር። እኔ ግን ቸኩዬ ብቻዬን በር ላይ ቁጭ ብዬ ጨረስኩትና ራስጌዋ መለስኩት። በሁለተኛው ቀን ሞተች። ከዚያ መጽሐፉም ጠፋ።»

ሰናይት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

አስተማሪዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ልጆቹ ስለተበተኑ ክፍሉ ከሌላ ጋር ሊቀላቀል ነው፣ ሳጥኑም ምናልባት ከዚህ ዓመት አያልፍም ብላኝ ተነሳች። «እስከዚያ አንድ ቀን እንኳ ብትገባልኝ» አለች። እኔ ደግሞ እዚያው በር ላይ፣ «መጽሐፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ» በማለት ፈንታ ደኅና ዋዪ ብዬ ሸኘኋት። ለቀበሌው ሁሉ መልስ የማያጣ አፍ!

አንቺን አልዋሽሽም ብዬ ነው መጀመሪያ ለአንቺ የጻፍኩት። አሁን ካንቺ ጋር ከጨረስኩ ለፍሬ መናገሩ ይቀለኝ እንደሆነ። መጽሐፉ አልጠፋም፣ አያትሽ ናት በገዛ እጇ የሰጠችው፣ አንቺም ማንንም አልገደልሽም፣ እናትሽን የወሰዳት ኩላሊቷ ነው እላታለሁ። ብትጠላኝ ትጥላኝ። ክንዴን እሰጣታለሁ፣ ትቆንጥጠኝ።

ደግሞ አንድ ነገር አስቤያለሁ። የዳክዬዋን መጨረሻ ከኛ ቤት የምታውቀው ፍሬ ብቻ ናት። አንቺም ሳትሰሚው ሄድሽ፣ እኔም ድልድዩ ሥር ቀርቻለሁ። በቃሏ እንድትነግረኝ እለምናታለሁ። እሰማና ካርዱ ላይ፣ ካንቺ ጭረት ሥር እፈርማለሁ፤ ፊደሌ ቢንጋደድም። ያንን መጨረሻ ይዤልሽ እቆያለሁ። ስምሽን ብረሳ እንኳ፣ እርጅና ነው ምን ይታወቃል፣ እሱን አልረሳም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። በሩ ተንኳኳ።

«እማማ! ምነው ቀረቀርሽው? ክፈቺልኝ!»

እሷ ናት። መጣሁ እናቴ፣ መጣሁ።