ስለ እትዬ ሌላ ዕረፍትና ሳይጨርሱት ስላለፉት ታሪክ

የድርሰት ማሠልጠኛችን መሥራችና የረቡዕ ክፍል መምህር፣ ተማሪዎቻቸው «እትዬ ሌላ» የሚሏቸው አንጋፋ ደራሲ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሰኞ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የማሠልጠኛው ሠራተኞች፣ ተማሪዎችና የቦርድ አባላት ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶናል። ቅናትም አለብን። የቦርድ ሰብሳቢያችን ይህ ቃል ከሐዘን መግለጫ ይውጣ ብለው ነበር፤ በምትኩ ምን ይግባ ተብለው ሲጠየቁ ግን ሌላ ቃል ስላጡለት ባለበት ተቀምጧል።

ቅጽል ስማቸውን ያገኙት ከሥራቸው ነው። ተማሪ ያማረ ጅማሬ ይዞ ሲመጣ ያነቡለትና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሌላ እንዲያመጣ ያዝዙት ነበር። መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ ጎረቤታችንም ጋ ይመጣል ይሉ ነበር። ተማሪው አኩርፎ ይሄዳል፤ ሲመለስ የሚያመጣው ግን የራሱ ይሆናል።

ማሠልጠኛው በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት፣ ከጎረቤታችን የልብስ ማጠቢያ ላውንደሪ ጀርባ ባለችው እንፋሎት በሚገባባት ክፍል፣ ዛሬም የምንሠራበትን ልማድ ጀመሩ። ረቡዕ ረቡዕ ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱም ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን ጅማሬ አጠገቡ ለተቀመጠው ይሰጣል። የተቀበለው ይጨርሰዋል፤ የጨረሰውም ባለቤቱ ይሆናል። ይህ ሐሳብ የመጨረሻዬ ነው ብሎ የሚሰስት ሰው ደራሲ አይሆንም፣ ሰጥቶ ባዶ እጁን የቀረ ግን ሳይወድ በግዱ ሌላ ይፈልጋል የሚል እምነት ነበራቸው። የተማሪው ቁጥር ጎደሎ ሆኖ አንዱ ያለ ጥንድ ሲቀር እሳቸው ራሳቸው ገብተው ያሟሉ ነበር።

በስድስተኛው ዓመት፣ እንዲህ ጎደሎ በሆነ ረቡዕ፣ ያኔ ተማሪ ከነበረችው፣ ይህን መግለጫም ካዘጋጀችው ከአሁኗ የማሠልጠኛው ጸሐፊ አንድ ጅማሬ ደረሳቸው። የአውቶቡስ ሾፌር የነበሩት አባቷ በዕረፍት ቀናቸው ተሳፋሪ ሆነው ሲሄዱ፣ ወለሉን እንደ ፍሬን ይረግጡ እንደነበር የሚናገር ነው። እትዬ ሌላ ጨረሱት። በእሳቸው ታሪክ ሾፌሩ በእንቅልፋቸውም ፍራሹን ይረግጣሉ፤ አንድ ቀን ማለዳ ሚስታቸው የሚነቁት የባላቸው እግር መርገጥ በማቆሙ ነው።

ታሪኩ ደጋግሞ ታትሟል፤ በአንድ ስም፣ በእትዬ ሌላ ስም ብቻ። ጸሐፊዋ «አባቴ እኮ ናቸው» ብላ ስትከራከር፣ «አባትሽ ያንቺ ናቸው፣ ልጄ፤ ታሪኩ የጨራሹ ነው» አሏት እትዬ ሌላ። ይህ በደል እንደነበር ዛሬም እናምናለን። የስሙን ነገር ልንረሳው እንችል ነበር። በታሪኩ መጨረሻ ግን እስካሁን እንቀናለን። ጸሐፊዋ በዚያ ቤት ተወልዳ አድጋ፣ እናቷ ከዚያ እግር አጠገብ እንዴት እንደሚተኙ ጠይቃ አታውቅም። ደጃፉን እንኳ ረግጠው የማያውቁት እትዬ ሌላ ጠየቁ። አንድን ሰው በደንብ ካየነው በኋላ አጠገቡ ማን እንዳለ መፈለግን ለአዲስ ገቢዎች የምናስተምረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ዘንድሮ፣ ከመታመማቸው በፊት ባስተማሩበት የመጨረሻ ረቡዕ ክፍሉ እንደገና ጎደሎ ሆነ። በእጃቸው የጻፉትን አንድ ገጽ ለጸሐፊዋ ሰጡ። «ልጄ ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን የጀመረችው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አላውቅም» ይላል። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ልጃቸው ቢሯችን መጥተዋል። የእናታቸው የእጅ ጽሑፍ ስለሆነ ወረቀቱን ወዲያው ሰጥተናቸዋል። የመጡበት ጉዳይ ግን ታሪኩን ማንም እንዳይጨርሰው ለመጠየቅ ነበር። «እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ቤት ስትጽፍ ኖራለች፤ የእኔን እንኳ ተዉልኝ» ብለዋል። ሰብሳቢያችን እሺ በያቸውና እንገላገል ብለው ጸሐፊዋን ለምነዋል። እሺ አላለችም። ቦርዱም መክሮበት፣ የመሥራቻችን ሕግ ለመሥራቻችን ልጅ ሲባል አይሻርም ብሏል። የልጃቸው ቁጣ ይገባናል፤ ከእኛ ጽሕፈት ቤት በላይ የሚገባው ያለም አይመስለንም። ታሪኩ ግን ይጨረሳል። ሲታተምም በአንድ ስም ይሆናል።

ለልጃቸው፣ ለመላው ቤተሰባቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለአንባቢዎቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። የረቡዕ ክፍል አይቋረጥም። ልጃቸው ሲስቁ አፋቸውን መሸፈን የጀመሩት ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ሊነግሩን ከወደዱ በራችን ክፍት ነው። ካልነገሩንም እንፈጥረዋለን።