ስለ ጠፋው የአባ ሰንጋ ጽሑፍ ለኮሙኒኬሽን ኃላፊያችን የቀረበ ምስጋና

መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ደመላሽ ባምላኩ
የወረዳችን ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በጽሕፈት ቤትዎ መግቢያ ላይ የተሰቀለው ትልቁ ፎቶግራፍዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ እመኛለሁ። ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? እኛ ከጮቄ ተራራ ሥር የምንኖረው ጭቃውን ተሻግረን መስከረም ጠብቶልናል። ያልጠባለትም ሰው አለ፤ የእርሱን ነገር በቦታው እነግርዎታለሁ።

እርስዎ እንደማይረሱኝ ባውቅም ለሌላው አንባቢ ስል ራሴን ላስተዋውቅ። ይታይሽ ቢያድግልኝ እባላለሁ። በወረዳችን የእንስሳት ክሊኒክ ዘጠኝ ዓመት በባለሙያነት የሠራሁ፣ ስለ ከብት ጤና የሚጻፍበትን «በረት» የተባለውን ብሎግም የጀመርሁ ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ከመላክ ይልቅ በዚሁ ብሎግ ላይ በግልጽ የጻፍሁበት ምክንያት፣ እርስዎ በብሎጌ ምክንያት የሚቀርበውን ምስጋና በየመድረኩ በግልጽ ሲቀበሉ ስለኖሩ፣ የእኔ ድርሻም በድብቅ መሰጠቱ ነውር ስለ መሰለኝ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ማበረታቻዎ አመሰግናለሁ።

«በረት»ን የጀመርሁት በአንድ የገበያ ቀን ክሊኒካችን በር ላይ ከተሰለፈው ሰው አብዛኛው የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ስለ ነበረ ነው፦ «በጌ ጉሮሮው ሥር አበጠ፣ ምን ላርገው?» መልሱ አንድ ስለሆነ ጻፍሁት። የጉበት ትል ነው፣ ረግረግ ላይ አታሰማሩ፣ መድኃኒት ገበያ ዳር ይዞ ከሚዞር ሰው አትግዙ አልሁ። ጽሑፉን በስልኬ ሳሳይዎ «አይ ይታይሽ! ስለ በግ ቅዘን ማን ያነብልኛል ብለሽ ነው?» ብለው ሳቁ። እርስዎ ሲስቁ መሳቅ ሥራቸው የሆኑ ሁለት ሰዎችም አብረው ሳቁ።

ማን እንዳነበበው ልንገርዎ። ገበሬው ራሱ አይደለም፤ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ሥራ የያዙ ልጆቹ ናቸው። እያነበቡ ለአባታቸው ደውለው ይነግሩታል። እኔም በየሳምንቱ ሰኞና ሐሙስ ሳላቋርጥ ጻፍሁ። በመመሪያ ቋንቋ ሳይሆን ባለ ከብቱ በሚናገርበት ቋንቋ ጻፍሁ። ለመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ መለስሁ፤ ያላወቅሁትን «አላውቅም፣ ጠይቄ እነግራችኋለሁ» ብዬ ጠይቄ ነገርሁ። በሦስተኛው ዓመት በወር ስልሳ ሺህ ሰው ያነበኝ ጀመር። አንድ የመኖ ፋብሪካ ማስታወቂያ ላስነግር ብሎ መጣ፤ ጫጩት አከፋፋይ ተከተለው፤ የብሎጉ ገቢ ከደመወዜ በለጠ። የመድኃኒት ነጋዴዎችም መጥተው ነበር፤ በማዝዘው መድኃኒት ላይ ማስታወቂያ አልቀበልም ብዬ መለስኋቸው። ለታዋቂነቱም ለአትራፊነቱም ያለኝ ምሥጢር ይኸው ነው። በነፃ ሰጥቼዎታለሁ፤ በኋላ ግን ሦስት ቀን ሙሉ አሠለጠኑበት።

ሁለተኛ፣ ስለ አባትነትዎ አመሰግናለሁ።

አንድ የዞን ባለሥልጣን «በወረዳችሁ የሚዘጋጀውን በረት የሚባለውን እናቴ ሳታስነብብ አትውልም» ያሉዎት ዕለት፣ ብሎጉ በድንገት የእርስዎ ልጅ ሆነ። በሳምንቱ አስጠርተውኝ «በጽሕፈት ቤታችን ድጋፍ የሚዘጋጅ» የሚል ጽሑፍና የእርስዎን ፎቶግራፍ ከላይ እንዳደርግ አዘዙኝ። ጽሑፉን አደረግሁ። ደመወዝተኛ ነበርሁ፣ ፈራሁ። ፎቶግራፉን ግን አላደረግሁም፤ ባለ ከብቶቹ ከየትኛው በሽታ ጋር እንደሚያያይዙት እርግጠኛ ስላልሆንሁ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ሠርተፊኬቱ።

«ታዋቂና አትራፊ ብሎግ እንዴት ይገነባል?» በሚል ርእስ በወረዳው አዳራሽ የሰጡትን ሥልጠና መቼም አልረሳውም። በዚያ ጊዜ የጽሕፈት ቤትዎ ገጽ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ተከታይ ነበረው፤ ከእነዚህም የሚበዙት ተከተሉ ተብሎ በደብዳቤ የታዘዙ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ አንዷ እኔ ነኝ። እርስዎ የእኔን ጽሑፎች ግድግዳው ላይ እያሳዩ «እንዲህ ነው የጻፍነው» ሲሉ፣ አንዱ ሠልጣኝ እጁን አውጥቶ «የሚጽፈው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ቡድናችን ነው» አሉት። ቡድኑ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። በመጨረሻም የራሴን ብሎግ እንዴት መሥራት እንደምችል መሠልጠኔን የሚያረጋግጥ፣ በእርስዎ ፊርማ የተፈረመ ሠርተፊኬት ተቀበልሁ፤ አብረን ፎቶ ተነሣን።

ክቡር ሆይ፤ እስከዚህ ድረስ የነበረው ያስቀኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ለእናቴ እያወራሁ አብረን ስቀንበታል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ቁጥር ልሰጠው አልሆነልኝም፤ እንደ ሆነው እነግርዎታለሁ።

ባለፈው ሚያዝያ፣ በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ፣ ከክሊኒካችን የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ በምትገኝ ጎጥ፣ ጠዋት ደኅና ሲግጥ የነበረ በሬ ከሰዓት ድንገት ወድቆ ሞተ። ሄጄ አየሁት። ሆዱ ተነፍቷል፣ ከአፍንጫውና ከአፉ የማይረጋ ጥቁር ደም ይወርዳል። እንዲህ ያለውን በድን ያየ ባለሙያ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው አባ ሰንጋ ነው ብሎ ሳያስከፍት በጥልቅ ጉድጓድ ያስቀብራል። አስቀበርሁት፣ ናሙናም ላክሁ። ረቡዕ ጠዋት በ«በረት» ላይ፦ በድንገት የሞተ ከብት አትክፈቱ፣ ቆዳውን አትግፈፉ፣ የታመመውንም አርዳችሁ ለበዓል አትብሉ፣ ደውሉልኝ ብዬ ከነስልክ ቁጥሬ ጻፍሁ።

ሐሙስ ጠዋት አስጠሩኝ። የበዓሉ የከብት ባዛር ባነር ቢሮዎ ወለል ላይ ተዘርግቶ ነበር። ነጋዴዎች ከባሕር ዳር ተጋብዘዋል፣ የዞን እንግዶችም ይመጣሉ ተብሏል።

«ላቦራቶሪ አረጋግጧል?» አሉኝ።

«ገና ነው። ምልክቱ ግን...»

«ካላረጋገጠ ወሬ ነው። በበዓል ገበያ ሕዝብ ታሸብሪያለሽ? አሁኑኑ አጥፊው። አለበለዚያ ሥራሽንም ብሎግሽንም አንድ ላይ ነው የምታጪው።»

«ሰው ቢሞትስ?» አልሁዎ።

«ሟርተኛ ነሽ እንዴ?» አሉኝ።

ስልኬን አውጥቼ ከፊትዎ አጠፋሁት። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ለእርስዎ የማልሰጠው አንድ ነገር ይህ ብቻ ነው፤ ያጠፋው ጣት የእኔ ነው።

ቀትር ላይ ጽሕፈት ቤትዎ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «በወረዳችን አባ ሰንጋ ተከሥቷል በሚል የሚናፈሰው መረጃ ፍጹም ሐሰት መሆኑን እየገለጽን፣ ኅብረተሰቡ በዓሉን ያለ ሥጋት እንዲያከብር እንጠይቃለን።» ገጽዎ ከተከፈተ ጀምሮ ከጻፈው ሁሉ ይህን ያህል ሰው ያጋራው የለም። እንኳን ደስ አለዎት፤ በመጨረሻ ታዋቂ ሆኑ።

ዓርብ፣ በስቅለት ዕለት፣ አለበል የሚባል ሁለት በሬ ያለው ገበሬ አንደኛው በሬው ሲንቀጠቀጥ፣ ማመስኳቱንም ሲያቆም አየ። ልጁ የኔአለም ደብረ ማርቆስ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች፤ «በረት»ን ዘወትር የምታነብለት እርሷ ናት። ደውሎ «ያቺ የከብት ሐኪም ሰሞኑን ስለ አባ ሰንጋ ጻፈች ይላሉ፣ እስቲ እይልኝ» አላት። የኔአለም ፈለገች። «ገጹ አልተገኘም» አላት ስልኩ። በምትኩ የእርስዎን አገኘች። «አባ፣ ሐሰት ነው ብለዋል፤ መንግሥት ነው የጻፈው» አለችው። ልጅቱ ልክ ነበረች፤ የጻፈው መንግሥት ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እሰግድ ነበር።

ቅዳሜ በሬው ወደቀ። ትንፋሹ ሳይወጣ አረዱት፤ ለስምንት ቤት ቅርጫ ተመደበ። የገፈፈው የአለበል ጎረቤት አማረ ነው። በአካባቢው ቆዳ ሳይቀድ በመግፈፍ እርሱን የሚያህል አልነበረም፤ ያን ዕለት ግን ቢላዋው አውራ ጣቱን ጫር አደረገው። ማክሰኞ ጣቱ ላይ መሐሉ ጥቁር የሆነ ቁስል ወጣ። ስለማያመው «ቡግንጅ ነው፣ ይፈርጣል» አለ። ሐሙስ እጁ እስከ ትከሻው አበጠ፣ ትኩሳቱም አስለፈለፈው። በሰው ሸክም መኪና መንገድ ድረስ አምጥተው ሆስፒታል አስገቡት፤ ዓርብ ሞተ። ከዚያው በሬ የታመሙት አለበልና ሌሎች ስድስት ሰዎች ታክመው ተረፉ። የላቦራቶሪው ውጤት የደረሰኝ አማረ በተቀበረ ዕለት ነው። አረጋግጧል፣ ክቡር ሆይ።

በማግሥቱ የኔአለም ክሊኒክ መጣች። ስታለቅስ መክረሟን ዓይኗ ሥር ያሳብቃል፤ ከእኔ ጋር ግን አላለቀሰችም።

«ጽሑፍሽን ፈልጌ አጣሁት» አለችኝ። «እኔ ነኝ ያሳሳትሁት? የማየው ሌላ ቦታ ነበረ?»

«የለም» አልኋት። «አጥፍቼው ነው።»

«ለምን?»

«አጥፊ ተባልሁ።»

 ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። እርስዎ በሥልጣን ዘመንዎ ብዙ ተቆጥተውኛል፤ እንደ እርሷ አወጣጥ ያሳነሰኝ ቁጣ ግን የለም።

ያንኑ ቀን ጽሑፉን መልሼ አወጣሁት። ከሥሩም «ይህን ጽሑፍ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በማን ትእዛዝ እንደሆነም ለጠየቀ ሁሉ እመልሳለሁ» ብዬ ጨመርሁ። በሁለት ቀን ሰማንያ ሺህ ሰው አነበበው። በሳምንቱ ክትባት መጣ። እርስዎም ከክትባት ሰጪዎቹ ፊት ቆመው፣ ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ መርፌውን ወደ ላይ አንሥተው ፎቶ ተነሡ። ልብ ብለው ከሆነ ከጎንዎ ያለችው ላም ፊቷን አዙራለች።

እኔንም አልረሱኝም። «ያለ ፈቃድ መረጃ በማሠራጨት» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ቀጥሎም ክሊኒክ ወደሌለበት ቀበሌ መዛወሬ ተነገረኝ። ያለ ክሊኒክ ምን እንደምሠራ ብጠይቅ መልስ የሚሰጥ ስላጣሁ ሥራዬን ለቀቅሁ። አሁን የምኖረው በብሎጉ ነው። «በጽሕፈት ቤታችን ድጋፍ» የሚለውን መሥመርም አነሣሁት፤ ድጋፍዎ ከዚህ በላይ የምሸከመው አልነበረም።

ግንቦት ላይ ሁለተኛውን ዙር ሥልጠና መስጠትዎን ሰምቻለሁ። «የቀውስ ጊዜ ተግባቦት» የሚል አዲስ ክፍል መጨመርዎን፣ በዚያም ላይ «ወቅታዊ ምላሽ በመስጠታችን የበዓል ገበያው በሰላም ተጠናቅቋል» ተብሎ መጻፉን አንድ ሠልጣኝ በፎቶ ልኮልኛል። የሟቹ ስም የለበትም። ቦታ ጠቦ ይሆናል፤ የእርስዎ ፎቶ ግማሹን ይዞታል።

ስለዚህ እኔ ልጻፈው፦ አማረ ይባላል። ባለቤቱ ጤናዬ ትባላለች፤ ሦስት ልጆች አሏቸው። ለአርባው ሄጄ የሆነውን ሁሉ ከራሴ አፍ ነገርኋት። ታባርረኛለች ብዬ ነበር። ስጨርስ፣ «ከእንግዲህ የጻፍሽውን እንዳታጠፊ፤ ሌላ ምንም አልፈልግብሽም» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁትም፣ ማንም ደውሎ ቢጮኽብኝ ከቦታው የማላነሣውም፣ ለእርሷ ስለገባሁት ቃል ነው።

በተረፈ ለሥልጣንዎ ዕድሜን፣ ለገጽዎ ተከታይን፣ ለአዳራሽዎ ሠልጣኝን እየተመኘሁ፣ ስለ ሳቅዎ፣ ስለ ሠርተፊኬቱና ስለ ማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣
ይታይሽ ቢያድግልኝ
የ«በረት» ብሎግ ጸሐፊ፣ ብቻዋን

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ጤናዬ
ለየኔአለም አለበል

ማስታወሻ፦ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ረፋዱ ላይ በ«በረት» ቴሌግራም «አንድ አንባቢ» ከሚል ሰው ጥያቄ ደረሰኝ፦ «ለበዓል የገዛሁት በግ ያስለዋል፣ አፍንጫውም ይፈሳል። ቢታረድ ልጆች ይበሉታል ወይ? እባክሽ ቶሎ መልሺልኝ።» የተላከው ከእርስዎ ስልክ ነበር፤ ስንቴ ደውለው አስጠርተውኝ ቁጥርዎን እንዴት አላውቀውም? በአራት ደቂቃ ውስጥ «አይረዱት፣ ለባለሙያ ያሳዩት» ብዬ መለስሁልዎ። እንዳላረዱትም ከጎረቤትዎ ሰምቻለሁ። ልጆችዎ ደኅና በመሆናቸው ከልቤ ደስ ብሎኛል።