ለእሱ ስም፣ ለእኔ ዕድሜ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 3፣ 1969፤ ጠዋት 1 ሰ.
አውቶቡሱ ዘገየ። በሰው አገር፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ቆሜ ነው የምጽፍብህ፣ ደብተሬ፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ። ሥራ ሳንታ ሞኒካ፣ ሆቴል በር ላይ፣ የእንግዳ መኪና ማቆም። ከዚያ ት/ቤት። የግሪክ አፈ ታሪክ የወሰድኩት ክሬዲት ስለጎደለኝ ብቻ ነበር። አሁን እረፍት ነሳኝ። አንድ ጀግና አለ፣ እናቱ አምላክ። ከዘመትክ ስምህ አይሞትም፣ አንተ ግን በወጣትነትህ ትቀጫለህ፤ ከቀረህ ሸምግለህ ትሞታለህ፣ የሚያስታውስህም የለም ትለዋለች። ዘመተ። ድርሰት ታዘናል፦ መረጠ ወይስ ተጽፎበት ነበር? ተጽፎበት ነበር ብዬ ልጽፍ ነው። እናቱ የጠየቀችው ለይስሙላ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 7፤ ከሰዓት በኋላ
የጥናት ክበባችን ስብሰባ። ዌስት አዳምስ፣ በቀለ ቤት። ሰባት ነን። አንድ ሰው አ.አ. ገብቶ ትግሉን ይቀላቀል ተባለ። የገባ በሕይወት እንደማይወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ማን ይሂድ ሲባል ሁሉም እጁን አወጣ። (ላንተ አልዋሽም፤ መጨረሻ ያወጣሁት እኔ ነኝ።) ስለዚህ እንደ ዕቁብ ዕጣ ይውጣ። ታሪክን የሚሠራው ሰፊው ሕዝብ ነው እያልን ሦስት ዓመት ያነበብን ሰዎች፣ የብስኩት ቆርቆሮ ስንነቀንቅ! ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ ስሞቹን ጻፍኩ፣ ጠቀለልኩ። ሰብሳቢው በቀለ አንዱን አወጣ። አየው። እኔ ነኝ አለ። ወረቀቱን አፉ ውስጥ ከትቶ አኘከው። ለጥንቃቄ መስሎን ሳቅን።

ለሰናይት ነገርኳት። አለቀሰች። በቀለ ሚዜያችን ነበር። እርጉዝ ናት፣ ስድስተኛ ወሯ፤ እንባዋ ቅርብ ነው። እኔ ግን ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 8
ድርሰቱን አስረከብኩ። ከስብሰባ በኋላ ወረቀት ማቃጠል የጸሐፊ ሥራ ነው። ትናንት ማቃጠሉን ረስቼ ቆርቆሮውን ቤት ይዤ መጥቻለሁ። መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ገለበጥኩት። አንዱ ጥቅል ተፈታ። በቀለ ይላል፣ በራሴ ጽሑፍ። ሌሎቹን ፈታሁ። ከእሱ ጋር ስድስት ናቸው። የጎደለው የእኔ ነው።

የእኔን ስም ነው ያኘከው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 11
በቀለ ሥራ ቦታ ሄድኩ፣ ባልድዊን ሂልስ፣ ቤት ሲቀባ። አልካደም። ከመሰላሉም አልወረደም። «ሰናይት ልትወልድ ነው፣ እኔ ማን አለኝ? ኦኬ፣ በቃ፣ ተወው» አለኝ። ማን ፈቀደልህ ብዬ ጮህኩ። ጀግንነቱን ለራስህ፣ ውርደቱን ለእኔ! የቤቱ ባለቤት በመስኮት አየችን። እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ትኬቱን ቅዳሜ ነው የምገዛው፣ እስከ አምስት ሰዓት ከደወልክ በአንተ ስም ይሆናል አለ። ብሩሹን ነከረ። እንደ ወንድም የምወደውን ሰው ጠላሁት። ትክክል ስለሆነ ጠላሁት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 12
ድርሰቱ ተመለሰ። ጥሩ ማርክ። መምህርቷ ግን ጠርዙ ላይ፣ ሁሉንም ሰው ከጥፋት ነፃ አወጣህ ብላ ጽፋበታለች። አፈርኩ። ማታ ለሰናይት ሁሉንም ነገርኳት። ሂድም ቅርም አላለችኝ። ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች። ምነው አንዱን ባለችኝ! ጥፋቱን ለእሷ እሰጣት ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13፤ 4 ሰ. ተኩል
ጫማዬን አድርጌ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጫለሁ። ስልኩ አንድ ክንድ ቢርቀኝ ነው። ፓስፖርቴ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ለማን እንደማሳየው እንጃ።

5 ሰ.
አልደወልኩም።

5 ከሩብ
ጫማዬን አወለቅኩ። ዕጣ አይደለም፣ ሰናይትም አይደለችም፣ በቀለም አይደለም። እኔ ነኝ። መርጬ ቀረሁ። ሰናይት ከወጥ ቤት መጥታ እግሬን አየች። ወንድ ከሆነ ስሙን በቀለ እንበለው አለች።

ያንን ስም በየቀኑ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ፣ ምሳ ሲቀርብ፣ ሲያጠፋ፣ ሲታመም፣ ሸምግዬ እስክሞት ድረስ ልጠራ ነው።

እሺ አልኳት።