ጊታርህን ሸጬዋለሁ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለእዩኤል፤ ጁባ።

ለጤናህ እንደምን አለህ? ሙቀቱስ፣ ወባውስ፣ እንቅልፍህስ እንዴት ነው? እጅህስ? ቁስሉ ደረቀ ወይስ አሁንም ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዝሃል? እማዬም እኔም ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚህ አሶሳ ዝናቡ ሊወጣ ነው፤ የጓሮው ማሽላ አሽቷል። የጎረቤታችን ውሻም እንደ ድሮው ወዳጅ ከጠላት ሳይለይ ይጮኻል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ወድጄ አይደለም። ስለ ጊታር አፌን ስከፍት ኔትወርክህ ይቆረጣል፤ ስለ እማዬ ጉልበት ሳወራ ግን አጠገቤ እንዳለህ ጥርት ብሎ ይሰማሃል። ስለዚህ አብሮህ የሚሠራው ጌትነት ከእረፍቱ ሲመለስ ወረቀቱን በእጁ ሰጠሁት። አንብበህ እስክትጨርስ ከፊትህ እንዳይነሳ አደራ ብዬዋለሁ።

የጀነሬተሩ ቺንጋ የግራ እጅህን ትንሽ ጣት ከወሰዳት ወዲህ፣ "ጊታሩን ሽጪው፤ የጎደለ እጅ ይዤ አገሬ አልገባም" አልከኝ። ቃልህን አክብሬ ሸጬዋለሁ። ገዢዋ እኔ ነኝ፤ በዋጋው ስትመጣ እንከራከራለን። የራሴ ከሆነ ደግሞ እንዳሻኝ ልቆርጠው እችላለሁ፤ ቆርጬዋለሁም። አትደንግጥ፣ ዝም ብለህ አንብብ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ክረምት ትንሿን ጣቴን ከመዳፌ ጋር በክር አስሬ፣ ያስተማርከኝን ሁሉ እንዳንተ በቀሩት ሦስት ጣቶች ለመጫወት ሞከርኩ። የጊታሩ ክሮች ከሚጠመዘዙበት ጫፍ በኩል፣ አንገቱን የሚያቋርጡት ቀጫጭን ብረቶች፣ ፍሬቶቹ፣ ስለሚራራቁ ጣቴ አልደርስ አለኝ። አለቀስኩ። ወደ ገላው ስጠጋ ግን ፍሬቶቹ ይቀራረባሉ፤ ሦስት ጣት ይበቃል። እዚያ ስደርስ ደግሞ አንገቱ ከገላው በብሎን የሚታሰርበት ያ ወፍራም ጉብታ ማዕዘኑ መዳፌን እየወጋ እጄን ከደጅ መለሰው። አንተ በደህናው ጊዜ በትንሿ ጣትህ ተንጠራርተህ ታልፈው ስለነበር አላስቸገረህም። "ችግሩ የእዩኤል እጅ አይደለም፤ እንጨቱ ነው!" ብዬ ብጮህ እማዬ ያበድኩ መስሏት ጠበል ልትወስደኝ ነበር።

አልጋና በር ወደሚሠራው ወደ ማህጁብ ይዤው ሄድኩ። ማህጁብ እንደምታውቀው ከበርታኛው ወደ አማርኛ ሲሻገር ለወንድም ለሴትም "አንተ" ነው። እያገላበጠ አየውና፣ "ወላሂ፣ ይሄ እንደ አልጋ ነው። ጉልበት የሚመታ ማዕዘን እናነሳለን፤ አንተ አትፍራ" አለኝ። ጉብታውን በሰያፍ ቆርጦ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። አንደኛው ብሎን መቆሚያ ስላጣ ወደ ውስጥ አዛወረው፤ ብሎኖቹን ሁሉ በአንድነት ይዞ የነበረውን ሰፊ ብረት ትቶም በየብሎኑ ሥር ሮንዴላ አደረገ።

ክሮቹን ስንወጥር ግን አንገቱ ወደ ፊት ዘመም አለ። ክሮቹ ከፍሬቱ ርቀው ለመጫን የበሬ ጉልበት የሚጠይቁ ሆኑ። ጊታርህን ገደልኩት ብዬ ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ማህጁብ ደግሞ፣ "አልጋ ቢሆን በሚስማር ይጠብቃል" ብሎ መዶሻውን ሲያነሳ እጁ ላይ ተንጠልጥዬ ለመንኩት። ተሳሳቅን እንጂ ሁለታችንም ፈርተን ነበር። በማግስቱ የቀርከሃ ልጣጭ ወረቀት እስኪመስል ፍቆ፣ አንገቱ ከሚገባበት ጎድጓዳ መጨረሻ ላይ ሸጎጠና መልሶ አሰረው። አንገቱ ቀና፣ ክሮቹም ዝቅ አሉ።

እዩዬ፣ አሁን አውራ ጣት ከኋላ ሳይደናቀፍ ይንሸራተታል፤ መዳፍ የሚወጋ ነገር የለም። ከባንዳችን ጋር ባምባሲ ሠርግ ነበረን፤ እዚያ ጣቴን እንዳሰርኩ ተጫወትኩበት። ዘፋኛችን ትሩፋት ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትዘፍን ቆይታ ድንገት ዞረችና፣ "እዩኤል መጣ እንዴ?" አለች። ዋሸች እንዳትለኝ ጌትነትን ጠይቀው፤ ቆሞ ሲጨፍር ነበር።

እርግጥ ሁሉም እንደ ድሮው አይሆንም። ከመጠምዘዣው በኩል የሚጀመሩትን ዘፈኖች ወደ ገላው ማምጣት አለብህ፤ ጥቂቶቹን እኔ ትቻቸዋለሁ፤ አንተ ምናልባት መላ ታገኝላቸዋለህ። መጀመሪያ ላይ ትናደዳለህ፤ ጠባይህን አውቀዋለሁ። ብቻ በጥር ብዙ ሠርግ ተይዞልናል፤ ቦታህንም ለማንም አልሰጠንም። ጊታሩን በሰው ላኪልኝ እንዳትለኝ፤ አልልክም። እጅህን ይዘህ ና።

በታመምክ ጊዜ እያጎረሰ ላስታመመህ ለሀብቱ የእኔንም የእማዬንም ምስጋና ከሰላምታ ጋር አድርስልን። ማህጁብ ሰላም ብሎሃል፤ ሥራው ተመችቶህ እንደሆነ ከራስህ አፍ መስማት ይፈልጋል። ትሩፋትንም በጣም ናፍቀሃታል። እማዬን ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብላት፣ "ስወልደው አስሩንም ጣቱን ቆጥሬ ነው የታቀፍኩት። ሲመጣ ዘጠኙን ቆጥሬ አቅፈዋለሁ" ብላሃለች።

የምትናፍቅህ እህትህ የትናየት

አሶሳ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.