የአቶ ሀንቶቦሎን ዐሣዎች እኔ አልገደልኳቸውም

ለውድ እትዬ ንሳማ፣

የሐይቁ ነፋስ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ፣ ያ የዝናብ ወራት ቁርጥማት ለቀቀሽ ወይ? መረቡ፣ ጀልባው፣ ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ከንዴት በቀር ምንም አልሆንኩም። ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው፤ የማታ ትምህርት በገባሁ በሰባት ወሬ ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። ሁለተኛው በጣም ከመራቁ የተነሳ አይታየኝም።

እትዬ፣ የአጎታችን ልጅ በስልክ ያለኝን ሰምቼ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት። ንጎሳን እንዲጠይቁልኝ የላክናቸው ሽማግሌ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ አሉ። አባቷ ካቶንጎ፣ «ገንዳ ውስጥ ያለ ዐሣ ማቆየት ያቃተው ልጄን እንዴት አድርጎ ሊያቆይ ነው?» አለ አሉ። እኔን! የባንግዌሉን ሐይቅ ዐሣ በስሙ እየጠራ ያወጣ የነበረውን ሰው ልጅ! አባባ ቢኖር ለዐሣ ምግብ ሳቀርብ አይቶ ሆዱን ይዞ ይስቅብኝ ነበር፤ ገዳይ ግን አይለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሠሪዬ የአቶ ሀንቶቦሎ ዐሣዎች እንደ ሳህን ክብ፣ እንደ ሙሽራ ቅንጡ ናቸው። የሉሳካ ውሃ ከኖራ ድንጋይ ስለሚወጣ አይስማማቸውም። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማጣሪያ አለ። ውሃው በሦስት ጣሳ አልፎ፣ እንደ ወረቀት የተጠቀለለ ስስ ወንፊት ውስጥ ይገባል። በአንዱ ቱቦ ንጹሁ ይወጣል፤ በሌላው ወንፊቱ ያልተቀበለው ኖራና ጨው ይፈሳል። ይህን ሁሉ የማጥበው፣ የምቀይረው እኔ ነኝ። በየጠዋቱ እስክሪብቶ የመሰለ መለኪያ ንጹሁ ውሃ ውስጥ ነክሬ የቀረበትን የጨው መጠን ቁጥር በደብተሬ እጽፋለሁ። ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። አልፎ አያውቅም ነበር።

ከዚያ የእመቤቲቱ ወንድም መጣ፤ መንገድ የሚሠራ ኢንጂነር ነው። የሚፈሰውን አይቶ፣ «ከተማው ተጠምቶ እናንተ ታፈሳላችሁ?» አለና የቆሻሻውን ቱቦ አጥፎ በሽቦ ጠፈረው።

«ጌታው፣ ፍየል ሳር እንዳታባክን ተብሎ ኋላዋ ይደፈናል ወይ? ቆሻሻው እኮ ወንፊቱ ላይ ይከመራል» አልኩት።

«ትናንት ፊደል ቆጥረህ ዛሬ ውሃ ልታስተምረኝ?» ብሎ ሳቀብኝ። እመቤቲቱም አብራ ሳቀች።

ደብተሬ ይመስክር፤ አርባ፣ መቶ ሃምሳ፣ ሦስት መቶ ሰማንያ። በማግስቱ ሁለቱ ትልልቆች በጎናቸው ተንሳፈፉ። ኢንጂነር ተብዬው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይሄ መሃይም ማጣሪያውን አበላሸው!» ደብተሩን ለአቶ ሀንቶቦሎ ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ወጥተውም ሽቦውን በእጃቸው ፈቱት። «አዲስ ወንፊት ይመጣል፤ አንተው ግጠመው» አሉኝ። በቃ! ይቅርታ የለ፣ ለእመቤቲቱ ወንድም አንዲት ቃል የለ። የኔ ስም ግን አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ በጀልባ ተሻግሮ እናንተ ዘንድ ደርሷል።

ይህን ለካቶንጎ ቁጭ አድርገሽ አንብቢለት። የሚቀጥለውን ግን ዝለይው፤ ላንቺ ብቻ ነው። ቁጥሩ አርባ ሲገባ አይቻለሁ። ለአቶ ሀንቶቦሎ ያኔውኑ መንገር እችል ነበር። ያ ሰውዬ ባጠፋው ይዋረድ ብዬ ሦስት ቀን ዝም አልኩ፤ ያንኑ ውሃ በባልዲ እየቀዳሁ የጨመርኩላቸውም እኔ ነኝ። ይሞታሉ ብዬ አላሰብኩም። ከሞቱት አንዷ፣ ሴቷ ዐሣ፣ እጄን ታውቀው ነበር እትዬ፤ ጣቴን መስታወቱ ላይ ሳደርግ ትመጣ ነበር።

አይ፣ አትዝለይው። ንጎሳ ባለችበት አንብቢው። ዐሣ ማቆየት አቃተው የሚለው ውሸት ነው፤ አኩርፎ ዝም ያለው ግን እኔ ነኝ፣ ይህንንም ከኔው አፍ ትስማው። ከዚያ ወዲያ እምቢ ካለች፣ እምቢ ያለችው ወሬውን ሳይሆን እኔን ይሆናል።

ባለቤትሽን ካፓሳን እጅ ነሳሁ በይልኝ። አክስቴ ቺቦንጎን ጉንጫቸውን፣ መንትዮቹን ግንባራቸውን ሳሚልኝ። ሽማግሌያችንንም ስለ ድካማቸው አመስግኚልኝ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲሄዱልኝ ለምኛቸው።

ወንድምሽ ካሱባ
ሉሳካ፣ ሮማ ሰፈር
እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2019