ጥንዚዛዋን የዞረችው ሴትዮ

ውድ ሹክሪ፣

«ውድ» ያልኩህ ከልቤ እንዳይመስልህ። ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ብለው ትምህርት ቤት ስላስተማሩን ነው። ለአንተ የሚስማማ ሌላ ቃል ነበረኝ፤ ግን ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ እህትህ ሰኒያ ናት፤ መንገድ ላይ ከፍታ ማንበቧም አይቀርም። ለእሷ ስል ተውኩት። ሰኒያ፣ እያነበብሽ ከሆነ ሰላም ብዬሻለሁ።

መልስ እየጠበቅክ ነው። እህትህን አንድ ትሪ ባስቡሳ ኬክ አስይዘህ ወደ መንደራችን ቁርና፣ እናቴ ቤት ላክህ። «ሹክሪ ተለውጧል። አንድ ቀን ብቻ ከቱሪስቶቹ ጋር አብረሽው ዋይ፤ ሥራውን እዪው፣ ሰውነቱን እዪው። ከዚያ በኋላ እምቢ ካልሽ ዳግመኛ አይጠይቅሽም» አስባልክ። እናቴ ገና የመጀመሪያውን ቁራሽ ሳትውጥ ተሸንፋ ነበር። «ልጅቷ አባት ያስፈልጋታል። አንቺም ገና ነሽ። ሰው ደግሞ ይማራል» አለችኝ። ከአንተ በኋላ ያገባሁት ባለጀልባው ጋቢር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሞተ ወዲህ እናቴ ከወንድ የምትጠብቀው ነገር በጣም ቀንሷል፤ መተንፈሱ ይበቃታል።

አንድ ነገር አልደብቅህም። እንደገና ላገባህ እሺ ልልህ ነበር የመጣሁት። ከተፋታን ዐሥራ ሁለት ዓመት አልፏል። ካደረግክብኝ ብዙውን ረስቼዋለሁ፤ ያልረሳሁትንም ለልጄ ለሪሃም ስል ልተወው ቆርጬ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ሰማያዊውን ቀሚሴን ለብሼ ስወጣ ሪሃም በሩን ተደግፋ «እማዬ፣ ሰውዬው ያስቃል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ ያስቃል» አልኳት።

ሚኒባሱ ውስጥ እኔና ሰኒያን ከኋላ ወንበር አስቀምጠህ «የቤተሰብ እንግዶች ናቸው» ብለህ አስተዋወቅከን። ሰዎቹ ጡረታ የወጡ፣ ፀሐይ ያቀላቸው እንግሊዞች ነበሩ። ማይክሮፎኑን አነሳህና ጀመርክ። የእንግሊዝኛህን እያንዳንዷን ቃል እሰማለሁ፤ ለአስጎብኚነት ፈተና ስትዘጋጅ ወረቀቱን ይዤ ቃል በቃል ያስደገምኩህ እኔ ነኝ። አንተ ፈተናውን ስታልፍ እኔም ሳላስበው ቋንቋውን ተምሬ ቀረሁ።

ገና ከከተማ ሳንወጣ፣ አያትህ የታወቀውን የንጉሥ መቃብር ደረጃ በባዶ እግራቸው ረግጠው እንዳገኙት ነገርካቸው። ሴቶቹ «ወይ ጉድ!» አሉ። አንዱ ሽማግሌ ማስታወሻ ያዘ። አያትህን አውቃቸዋለሁ፣ ሹክሪ። እድሜያቸውን ሙሉ ሽንኩርት የነገዱ፣ አሸዋ ጫማቸው ውስጥ ሲገባ የሚቆጡ ሰው ነበሩ። ሰኒያ ጎኔን ነካ አድርጋ «የእኛ አያት መቼ ነው እዚያ የሄዱት?» አለችኝ። «ዛሬ ጠዋት» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን። ያኔ ገና ይቅርታ በሚደረግለት ነገር ነበር የምንስቀው።

የነገሥታት ሸለቆ ስንደርስ ድንጋዩ መጋል ጀምሯል። አስጎብኚ መቃብር ውስጥ ገብቶ ማብራራት ክልክል ስለሆነ ሰዎቹን ውጭ ሰሌዳው ፊት ሰብስበህ የሚያዩትን ሁሉ አስቀድመህ ነገርካቸው፤ ከዚያ እነሱን ወደ ውስጥ ሰደህ ከጓደኞችህ ጋር ጥላ ሥር ሻይ ልትጠጣ ሄድክ። ይህ ደንብ ለአንተ ተብሎ የወጣ ነው የሚመስለው። ያወራኸውንና ግድግዳው ላይ ያለውን አብሮህ ቆሞ የሚያመሳክር የለም።

እኔና ሰኒያ ግን ገባን። በመጨረሻው ክፍል ጣሪያ ላይ የሰማይዋ እመቤት ኑት ከዳር እስከ ዳር ተዘርግታለች። ማታ ማታ ፀሐይን ትውጣለች፣ ጠዋት ጠዋት መልሳ ትወልዳታለች። ይህን መጀመሪያ የሰማሁት ከአንተ ነው፤ የፈተናህ ሰሞን ኩሽናው ደፍ ላይ ቁጢጥ ብለህ ስትደግመው። ያኔ ከተጋባን ቆይተን ነበር፣ ልጅ ግን አልመጣም። «በየቀኑ ትወልዳለች» ስትል ቀና ብለህ ታየኝ ነበር። እኔም ፊቴን በወረቀቱ ሸፍኜ «ትክክል» እልህ ነበር። እዚያ ጣሪያ ሥር ቆሜ ያችን ፊቷን በወረቀት የምትሸፍን ሴት አስታወስኳትና እንባዬ መጣ። ሰኒያ ሙቀቱ መስሏት በሻርፗ አራገበችልኝ።

የአስዩት ከተማው ሐኪም መርምሮኝ «አንቺ ምንም የለብሽም፤ ባልሽን ይዘሽው ነይ» ሲለኝ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «የፈርዖን ዘር ሐኪም ቤት አይሄድም» አልክ። ፈርዖኖቹ እንኳ ሐኪም ነበራቸው፤ ፈተናው ላይ ነበር፣ እኔው ነኝ ያስጠናሁህ። አንተ ግን በሐኪም ፋንታ ካርናክ ቤተ መቅደስ ወሰድከኝ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ከሸለቆው ስንወጣ ወደ አንድ የአልባስጥሮስ ዕቃ መደብር ወሰድከን። እዚያ ከባለቤቱ ጋር የተጣላኸው ጠብ ደስ የሚል ነበር። «እነዚህ እንግዶቼ ናቸው! ወንድሞቼ ናቸው! ዋጋህን ቀንስ፣ ካልቀነስክ ሁለተኛ በርህን አልረግጥም!» ብለህ ጠረጴዛውን ስትደበድብ እንግሊዞቹ በአድናቆት ተያዩ። ባለመደብሩም ደረቱን ይዞ «ልጆቼን ልታስርብ ነው!» አለ። ያጎትህ ልጅ ነው፤ ሠርጋችን ላይ ከበሮ የመታው እሱ ነበር። እኔን ሲያይ ለቅሶውን አቋርጦ «እንዴት ነሽ ባሂጋ፣ እናትሽ ደኅና ናቸው?» አለና ወደ ለቅሶው ተመለሰ። ይህንንም አለፍኩህ። እንጀራው ነው፣ ሁሉም ይዋሻል፣ የሚዋሸውም ለማያውቁት ሰዎች ነው አልኩ። ልብ በል፣ እስከዚያ ድረስ አሁንም እሺ ልልህ ነበር።

ወንዙን ወደ ምሥራቁ ዳር ተሻግረን ካርናክ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ዓምዶቹን አሳየህ፣ ሰዎቹ አንገታቸው እስኪዞር አንጋጠጡ። ከዚያ ወደ ቤተ መቅደሱ ኩሬ ወሰድካቸው፤ ትልቋ የድንጋይ ጥንዚዛ መቆሚያዋ ላይ ወዳለችበት። ስንቀርብ፣ ሹክሪ እዚህ ሲደርስ ወደ እኔ ያያል፣ ምናልባት ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ምናልባትም ዛሬ ቶሎ ብሎ ያልፋታል ብዬ አሰብኩ። ሞኝነቴ።

እጅህን አጨበጨብክ። «ክቡራትና ክቡራን! ይህች ጥንዚዛ ቀልድ አታውቅም። አንድ ጊዜ የዞራት ዕድል ያገኛል። ሰባት ጊዜ የዞራት ልጅ ያገኛል። አንዲት የገጠር ሴትዮ አውቃለሁ፤ ልጅ አጥታ ባሏ እዚህ አመጣት። ምን አደረገች መሰላችሁ? ጫማዋን አውልቃ ብብቷ ሥር ሸጎጠች፤ ድንጋዩ እንዳይቀየም! ከዚያ ትዞር ጀመር። ሰባተኛው ላይ ልትደርስ ስትል ባልየው ‹ተሳሳትሽ! ቆጠራው ጠፋብሽ፣ እንደገና ጀምሪ!› ይላታል። ‹ወይኔ!› ትልና እንደገና ትጀምራለች። ልትጨርስ ስትል አሁንም ‹ተሳሳትሽ!›...»

ከዚያም አረማመዴን አሳየሃቸው። ክንድህን ብብትህ ላይ አጣብቀህ፣ ከንፈርህን እያንቀሳቀስክ፣ ራስህ ዞሮህ እየተንገዳገድክ። ጎበዝ ነህ፤ ልክ እኔን ነው የምትመስለው። አንዱ ሰውዬ ከሳቁ ብዛት መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ሰኒያ እጄን ያዘችኝና መሬት መሬት ታይ ጀመር።

ሹክሪ፣ ያን ቀን አንተ ጥላ ሥር ቆመህ ትቆጥርልኝ ነበር። ጓደኞችህ አጠገብህ ቆመው ይስቁ ነበር። እኔ ደስታዬ ደስ ብሏቸው መስሎኝ ነበር። «ተሳሳትሽ» ስትለኝ አመንኩህ። አንተም በመጨረሻ ተሰላችተህ «በቃ ተይው፣ አልሆነልሽም» ብለህ ወደ ቤት መለስከኝ። ሰባቱን ሳልጨርስ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ጎንህ ተኝቼ ቆጠራው የቱ ላይ እንደጠፋኝ አስብ ነበር። ስትፈታኝም ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ወጣሁ፤ እስከ ሰባት መቁጠር ያቃታት ሴት አልኩ ለራሴ። ጋቢርን አግብቼ ሪሃምን ስወልድ እንኳ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ሳልጨርሰውም ሰጠኝ» የሚል ነበር። አልተሳሳትኩም ነበር። በትክክል ቆጥሬ ነበር። ይህን ያወቅሁት ከተፋታን ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ቆሜ፣ ከቀልድህ ውስጥ ነው።

አንዲት ነጭ ፀጉር ያላት፣ ከዘራ የያዘች አሮጊት «ከዚያስ? ወለደች?» ብላ ጠየቀችህ።

«የት አባቷ!» አልክ። «እስካሁን እየዞረች ነው!»

ሁሉም እንደገና ሳቀ። እኔ ፊትህን አየሁ። እፍረት ፈልጌ አየሁ፣ ቢያንስ ድንጋጤ። አንተ ግን ጠቀስከኝ። ቀልዱ ጥሩ መውጣቱን እንድመሰክርልህ በዓይንህ ጠቀስከኝ! ያኔ ገባኝ። ልታቆስለኝ አልነበረም። ያችን ሴትዮ ከማውራትህ ብዛት ጨርሰሃታል፤ ፊት የላትም፣ ስም የላትም፣ አጠገብህ ብትቆም አታውቃትም።

«ወልዳለች» አልኩ፣ አንተን ባስጠናሁበት እንግሊዝኛ። «ሴት ልጅ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።»

አንተም ቶሎ ብለህ «አያችሁ? አልነገርኳችሁም? ይሠራል! በሉ ዙሩ፣ ዙሩ!» አልክ። እነሱም ዞሩ። አሮጊቷ ብቻ አልዞረችም። ወደ እኔ ቀረብ ብላ ቀስ ባለ ድምፅ «ባልየውስ ማን ነበር?» አለችኝ። ስለ እሱ የጠየቀችኝ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሌሎቹን እያዞረ ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥ ስንመለስ ወደ ኋላ መጥተህ ወንበራችንን ተደገፍክ።

«ባሂጋ፣ ያቺ የመጨረሻዋ ነገር አሪፍ ናት። ‹ዘጠኝ ዓመቷ ነው› ያልሽው። ሰዎቹን አየሻቸው? ከነገ ጀምሬ ልጠቀምባት?»

«ሹክሪ፣ አፍህን ዝጋ» አለች ሰኒያ።

«ምን አልኩ?»

«እሱን ነው የምልህ! ምን እንዳልክ እንኳ አታውቅም። ሂድ፣ ሂድ ከፊቴ፣ ማይክህን ያዝ።»

አንተም ትከሻህን ነቅንቀህ ሄድክና ስለ ነገው አየር ጠባይ ነገርካቸው።

ወንዙን በጀልባ ስንሻገር ሰኒያ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጎትታ ስታለቅስ ነበር። «መልሱን ምን ልበለው?» አለችኝ። «ምንም አትበይው፤ ራሴ እጽፍለታለሁ» አልኳት። ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ፊቴን አይታ የተረፈውን ባስቡሳ ለዶሮዎቹ በተነችው። ሪሃም ግን «አሳቀሽ?» አለችኝ። «ሰዎቹን አሳቃቸው» አልኳት።

እንግዲህ መልሴ አይሆንም ነው። ሰኒያ ከሁለት ዓመት በኋላም፣ ከዐሥር ዓመት በኋላም ባስቡሳ ይዛ ብትመጣ አይሆንም ነው። እጠላሃለሁ ብዬ እንዳልጽፍልህ፣ ለጥላቻ የሚበቃ ሰው አላገኘሁብህም። ክፉ ብትሆን ክፋትህን አስታውሰህ ትኖር ነበር፤ አንተ ግን ሰውን ሰብረህ ስባሪውን ለቀልድ ታውለዋለህ፣ ከዚያም ከየት እንዳነሳኸው ትረሳዋለህ። ንቄሃለሁ፣ ሹክሪ። ከእኔ በኋላ ያገባሃት የቄናዋ ልጅም ልጅ ሳትወልድልህ ነው የሄደችው፤ በእሷ ግን ስትቀልድ አልሰማሁህም። በሁለተኛዋም ብትቀልድ ሰው ስለ ባልየው መጠየቅ እንደሚጀምር ይህን ያህል ታውቃለህ መሰለኝ።

ለቀልድህ የምትሆነዋን ነገር ግን ፈቃዴን ጠይቀኸኛል፤ እሺ ብዬሃለሁ። ተጠቀምባት። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ እንደሆነ ንገራቸው። ሴትዮዋ በትክክል ቆጥራ እንደነበር ንገራቸው። ከዘራ የያዘች አንዲት አሮጊት አትጠፋም፤ «ባልየውስ ማን ነበር?» ትልሃለች። ያኔ ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርግና ጣትህን ደረትህ ላይ ቀስር። ማን እንደሚስቅ እይ።

በስሜ ጠርተህ ሰው እንዳትልክብኝ። ሰፈሩ የሚጠራኝ በሌላ ነው።

የሪሃም እናት