ሳይማር ያወቀው መረብ

ውድ እቴቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደስ ብሎኛል። ደስታዬ ከስህተት የመጣ ስለሆነ ቢሮ ውስጥ ብዙም አላወራውም፤ ከአክስት ግን ምን ይደበቃል።

ጆሮሽ ደክሞ መዘምራኑን መምራት ከተውሽ ወዲህ ሥራዬ አንድ ነው፤ ከጆሮ ጀርባ በምትንጠለጠል ትንሽ መሣሪያ ውስጥ ተቀምጦ የሰውን ድምፅ ከጫጫታ የሚለይ ፕሮግራም። ፕሮግራሙ ብዙ ሺህ ቁጥሮች የተያያዙበት መረብ ነው። መጀመሪያ ቁጥሮቹን በዘፈቀደ እንበትናቸዋለን፤ ከዚያ ድምፅ እያሰማን፣ ስንት ጊዜ እያረምን እናስተምረዋለን። የኔው ጎበዝ ነበር፤ ግን ለመሣሪያዋ ገዘፈባት። ስለዚህ የትኛው ግንኙነት ይቆይ፣ የትኛው ይቆረጥ የሚል መራጭ ጨመርኩበትና ከመጀመሪያው እንደገና አስጀመርኩት።

ውጤቱ አማረ። አለቃዬ ሥራዬን ከላይ እስከ ታች አየችና ሳቀች።

«አንቺ፣ ማስተማሪያውን እኮ ዘግተሽዋል!»

«ምን?»

«ቁጥሮቹ ንቅንቅ አላሉም፤ እንደተበተኑ ናቸው። የሠራው መራጩ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ሳይማር ከየት አወቀ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? የቆረጥሽው አንቺ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደግሜ ሞከርኩት፤ ያው ነው። ምንም ያልተማረው ትልቅ መረብ፣ ግማሹን ዝም ስናሰኘው የቀረው ያውቃል። ይባስ ብሎ ቀለለ! የተበተኑትን ቁጥሮች ማሽኑ ከአንድ መነሻ ቁጥር ራሱ መልሶ ያወጣቸዋል፤ እኛ የምናስቀምጠው ማን ይናገር፣ ማን ዝም ይበል የሚለውን ብቻ ነው። መሣሪያዋ ውስጥ ገባ። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኸ ነው።

ያን ቀን አንቺ ትዝ አልሽኝ። ዜማ ስታስጠኚ አንዱንም ስታርሚ አይቼሽ አላውቅም፤ ሁሉንም ታስጮሂና በመሃላቸው እየዞርሽ ትከሻ ትነኪያለሽ፤ የተነካ ዝም ይላል፣ የቀሩት ይስማማሉ። በዘጠኝ ዓመቴ እኔንም ነካሽኝ። አልነገርኩሽም እንጂ ስንት ዓመት አዝኜብሻለሁ። አሁን ግን አየሁት፤ የሚቆረጡት ክፉ ስለሆኑ አይደለም፣ ለዚያ ሥራ ስላልሆኑ ነው። ድምፄም ቢሆን፣ በእውነት እንነጋገር ካልን፣ ለጆሮ አይመችም ነበር።

መሣሪያዋን ቅዳሜ ይዤልሽ እመጣለሁ። ሰባት ሰዎች ሞክረዋት ሠርታለች፤ ባንቺ ጆሮ ግን ትሠራ እንደሆን አላውቅም፣ ፈርቻለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያወራሁሽ እየጮህኩ ነው፤ «በላሽ ወይ? መድኃኒትሽን ወሰድሽ ወይ?» እየጮኹ የማይነገር ነገር አለ፣ እቴቴ። ቅዳሜ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ፣ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

የእህትሽ ልጅ